አንቀልባ፣ ጋሪና ጎዳና

ማንኛውም መሣሪያ የተሠራበትን መንገድ ይመስላል። አንቀልባ የእግር መንገድ ልጅ ነው። ከተለፋ ቆዳ ተቆርጦ፣ ጠርዙ በዛጎልና በጨሌ አጊጦ፣ በጠፍሩ ከእናት ትከሻና ደረት ጋር የሚታሰረው ይህ ጥንታዊ የእጅ ሥራ ዳገት ለሚወጣ፣ ወንዝ ለሚሻገር፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየመረጠ ለሚረግጥ እግር የታሰበ ነው። ልጁን ከእናቲቱ ጀርባ ላይ አጣብቆ እጆቿን ነጻ ያወጣል፤ ነጻ የወጡት እጆች ግን አያርፉም፤ ውሃ ይቀዳሉ፣ እህል ይፈጫሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። አንቀልባ ከመንገዱ የሚጠይቀው አንዳች ነገር የለም፤ ጥርጊያ መንገድም ሆነ የፍየል ዱካ ለእሱ አንድ ነው። የሚጠይቀውን ሁሉ የሚጠይቀው ከአንዲት ሴት ወገብ ነው።

ይሁን እንጂ አንቀልባ የሚይዘው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሲወለድ የመጀመሪያው ይወርዳል። አንደበቱ በቅጡ ያልተፈታ፣ ጉልበቱ ያልጸና ሕፃን በአንድ ጀምበር «ታላቅ» የሚል ማዕረግ ይሰጠውና ከእናቱ ጀርባ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚጓዘው የእናቱን ቀሚስ ጫፍ ጨብጦ ነው። ሹመትም ሽረትም የሆነው ይህ ለውጥ በገጠሩ ኑሮ ብዙ እጆች ይደግፉት ነበር። አያት አለች፤ አክስት አለች፤ ሰባት ዓመት ያልዘለላት እኅት ታናሿን አዝላ ከእኩዮቿ ጋር ትጫወታለች፤ ጎረቤት «ለኔ ተይው» ብላ ትቀበላለች። ለሁለተኛው ልጅ ጥያቄ መልስ ሆኖ የቆየው ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች በሌሉበት ስፍራ ግን ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሣል። ሁለት ሕፃናትን አንድ ሰው ብቻውን እንዴት አድርጎ ይሸከማል?

ይህ ጥያቄ በየማለዳው ከሚነሣባቸው ስፍራዎች አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአሜሪካ ርእሰ ከተማ ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ ከወሰኑ ማዶ በሜሪላንድ ግዛት የምትገኝ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሰፈሩባት፣ ጤፍና በርበሬ የሚሸጥባት፣ የግዕዝ ፊደል በሱቅ መስተዋት ላይ የሚነበብባት ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ ጥግ፣ ፎረስት ግሌን በተባለው ሰፈር፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጅና አንድ ጨቅላ ወንድ ልጅ ይዛ ትኖራለች። ባለቤቷ የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ የሚመለሰው እሷ ቤቱን ለቅቃ ከሄደች በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሠራተኛ ለወሊድ የሚፈቅደው 12 ሳምንት፣ ያውም ያለ ደመወዝ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቤቱንና ሁለቱን ሕፃናት የተረከቡት ከወሊዱ አንድ ወር አስቀድመው ከደብረ ብርሃን የመጡት የእናቲቱ እናት ናቸው። አያቲቱ በሻንጣቸው ሽሮና በሶ፣ የአራስ ገንፎ እህልና ቅቤ ማንጠሪያ ቅመም፣ ከሁሉ በታች ደግሞ በነጠላ የተጠቀለለ አንቀልባ ይዘው ነበር የመጡት፤ ልጃቸውን ራሷን ያዘሉበት አንቀልባ ነው። የጎብኚ ፈቃዳቸው ግን 6 ወር ብቻ ነበር። ስድስቱ ወር ሲሞላ ሁለቱ ሕፃናት በየማለዳው ወደ ሞግዚት ቤት መወሰድ አለባቸው፤ የሞግዚቷም ቤት በባቡር አንድ ጣቢያ ይርቃል። ለዚያ ቀን ከወዲሁ የተዘጋጀው መሣሪያ ከአንድ ወንበር ወደ ሁለት ወንበር የሚለወጥ የልጅ ጋሪ ነው። የአካባቢው ኢትዮጵያውያን «ስትሮለር» ይሉታል።

የዚህ ዓይነቱ ጋሪ ዋና ጠባይ መለወጡ ነው። ለመጀመሪያው ልጅ ሲገዛ ባለ አንድ ወንበር ነው። ሁለተኛው ሲወለድ ሌላ ጋሪ አይገዛም፤ በብረት አካሉ ግራና ቀኝ ሁለት ማያያዣዎች ይገጠሙና ሁለተኛ ወንበር ይታከልበታል። ወንበሮቹ ፊትና ኋላ፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ የጋሪው ርዝመት እንጂ ወርዱ አይጨምርም። ይህ እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም። በአሜሪካ የአሠራር ደረጃ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል በር ሊኖረው የሚገባው ክፍት ወርድ ቢያንስ 32 ኢንች፣ ማለትም 81 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ሕፃናት ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሰፊ ጋሪ በዚህ በር ሲያልፍ ለገፊው ጣቶች እንኳ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። የወንበሮቹም አቅጣጫ ይለወጣል፤ ልጁ ፊቱን ወደ መንገዱ ወይም ወደሚገፋው ሰው እንዲያዞር ማድረግ ይቻላል። አንገቱ ላልጸና ጨቅላ ደግሞ በወንበሩ ፈንታ ጠፍጣፋ፣ አልጋ መሳይ ቅርጫት ይገጠምለታል።

አያቲቱ ይህን ዕቃ መጀመሪያ ባዩት ጊዜ፣ «ጋሪ እኮ የፈረስ ነው፤ ሰው በሚገፋው ጋሪ ደግሞ ከዕቃ በቀር ሲጫን አላየሁም» አሉ። ፈገግታ የተቀላቀለበት ይህ ትችት ከዕቃው ታሪክ የራቀ አይደለም። በታሪክ ከሚታወቁት የልጅ ጋሪዎች ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1733 በእንግሊዝ አገር፣ ዊልያም ኬንት በተባለው የሕንፃና የአትክልት ስፍራ ነዳፊ፣ ለዴቮንሽየር መስፍን ልጆች የተሠራው ነው። በአንቀልባ ጠርዝ ላይ የሚሰፋው ዛጎል በዚያ ጋሪ ላይ የመቀመጫው ቅርጽ ነበር፤ የሚጎትተውም ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ እንዲሆን ታስቦ ነው። እንግዲህ የልጅ ጋሪ የተወለደው የመሳፍንት ልጆች በአትክልት ቦታቸው እንዲዝናኑበት ነው። ከእንስሳ ወደ ሰው እጅ በተላለፈ ጊዜም ለብዙ ዘመን የገፉት በባለጸጎች ቤት የተቀጠሩ ሞግዚቶች ነበሩ።

ይህን ዕቃ ከለወጡት ሰዎች ሁለቱ ከዚህች እናት ኑሮ ጋር የሚገናኝ ሥራ ሠርተዋል። አንደኛው ከዚያው ከሜሪላንድ ግዛት፣ ከባልቲሞር ከተማ፣ ዊልያም ሪቻርድሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጋሪ የልጁን መተኛ አዙሮ ፊቱን ወደ ገፊው መመለስ የሚያስችል ነበር። ሁለተኛው ኦውን ማክላረን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ማክላረን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀውን የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር በመንደፍ ሥራ የተሳተፈ ሰው ሲሆን፣ በጡረታ ዘመኑ ልጁ ከሞስኮ የልጅ ልጁን ይዛ ስትመጣ ከከባዱ ጋሪ ጋር የምታደርገውን ትግል ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1965 ከአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ 3 ኪሎ ግራም የማይሞላ ጋሪ ነደፈ። የጦር አውሮፕላን እግር ለማጠፍ የዋለው ዕውቀት የአንዲትን እናት ክንድ ለማሳረፍ ዋለ። መሐንዲሱን ለዚህ ያነሣሣው አያትነቱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ወደ ፎረስት ግሌን ስንመለስ፣ ሁለተኛው ወንበር በተገጠመ ሰሞን የተነሣው የመጀመሪያ ችግር የመንገድ ወይም የጉልበት አልነበረም፤ የሥፍራ ጥያቄ ነበር። ጨቅላው የሚተኛበት ቅርጫት ለእናቲቱ እጅ ቅርብ እንዲሆን ከላይ ተገጠመ። ታላቂቱ ከታች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ዝቅታ የሚታያት የአላፊ አግዳሚው ጉልበት ነው። በነባሩ ወንበሯ ላይ ያልታወቀ እንግዳ ተኝቷል፤ የእናቷ ድምፅ ከበስተኋላዋ፣ ከሽፋኑ ማዶ ይሰማታል፤ ድምፁም የሚያናግረው እሷን አይደለም። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን ጫማዋን አውልቃ ወረወረች። በሦስተኛው ቀን ቀበቶዋ ሲፈታ ጠብቃ ከጋሪው ወረደችና ከመንገዱ ዳር በጀርባዋ ተንጋለለች፤ አልጋ ላይ እንደሚተኛ ሰው ዓይኗን ጨፍና፣ «እኔም ሕፃን ነኝ» አለች።

እናቲቱ ከሥራ ደክማ የተመለሰች ነበረችና ቁጣ ቃጣት። አያቲቱ ግን ቀስ ብለው፣ «ተያት ልጄ» አሏት። «ከጀርባሽ መውረዷ አይቀርም፤ ሁሉም ይወርዳል። ይቺ ግን ከዓይንሽም ወርዳለች።»

በዚያው ምሽት ወንበሮቹ ተነቅለው እንደገና ተገጠሙ። ጨቅላው በዚያ ጊዜ አራት ወር አልፎት አንገቱ ጸንቶ ስለነበር፣ የጋሪው መመሪያ በፈቀደው መሠረት ከታች፣ ወደ ኋላ በጋደለ መቀመጫ ላይ ሆነ፤ እሱ አብዛኛውን መንገድ ተኝቶ ስለሚጓዝ የጎደለበት ነገር የለም። ታላቂቱ ወደ ላይኛው ወንበር ተመለሰች፤ ወንበሩም ዞሮ ፊቷ ከእናቷ ፊት ትይዩ ሆነ። ከ100 ዓመት በላይ አስቀድሞ በባልቲሞር የተመዘገበው የአንድ ሰው ሐሳብ በአንዲት ኢትዮጵያዊት ሕፃን ቅናት ላይ ሥራውን ሠራ። ከዚያ ቀን ወዲያ መንገዱ የንግግር መንገድ ሆነ። የትራፊክ መብራቱ ሲቀላ እናቲቱ «ቀይ» ትላለች፤ ልጅቷ መብራቱን ለማየት ዘወር ትልና «ቁሚ!» ብላ ታዛለች። ሲለወጥም «አረንጓዴ! ሂጂ!» ትላለች። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር የሚያድግ ልጅ የእናቱን ቋንቋ የሚማርበት ጊዜ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ መምህራንን የሚያሳስብ ነው። እዚህ ቤት መልሱ ከበር እስከ ባቡር ጣቢያ ባለው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተገኘ። የወንበር አቅጣጫ የቋንቋ ትምህርት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ማን ያስበዋል?

ይህ ሁሉ ሲባል ጋሪው እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሁለት ሕፃናት ሲቀመጡበት የክብደቱ ሚዛን በየጊዜው ይለዋወጣል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ከመግፊያው እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ታላቂቱ ከላይኛው ወንበር እንደወረደች ከፊት የነበረው ክብደት ጠፋና የኋላው ከረጢት ጋሪውን ወደ ኋላ ገለበጠው። ጨቅላው በትከሻው፣ በወገቡና በእግሮቹ መካከል በሚያልፈው ቀበቶ በሚገባ ታስሮ ስለነበር አንዳች ጉዳት አልደረሰበትም፤ አያቲቱም እጀታውን መሬት ሳይነካ ያዙት። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሕግ ታወቀ። ዕቃ የሚጫነው ከወንበሮቹ ሥር ባለው ቅርጫት ብቻ ነው፤ ልጅ ከመውረዱ በፊት ፍሬን ይያዛል፤ ቀበቶ ለአጭር መንገድም ይታሰራል። አያቲቱ ለዚህ ሕግ የሰጡት ማብራሪያ አጭር ነበር፤ «አህያም ቢሆን ጭነቱ ካልተመጣጠነ ያጋድላል።»

ስድስቱ ወር ሞላ። አያቲቱ ወደ አገራቸው በተመለሱበት ዕለት አንቀልባውን ሻንጣቸው ውስጥ አልከተቱትም። በነጠላው ጠቅልለው ከጋሪው ሥር ባለው ቅርጫት አኖሩትና፣ «መንገዱ እንቢ ያለሽ ቀን ይጠቅምሻል፣ ልጄ» አሏት። እናቲቱም፣ «እማዬ ደግሞ፣ እዚህ አገር መንገዱ መቼ እንቢ ይላል?» ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ማለዳ ብቻዋን ሁለቱን ይዛ ወጣች። እጆቿ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም እጀታው ላይ ናቸው። ከዚህ በኋላ የጉዞው መቃናት ከእሷ ጉልበት ይልቅ በመንገዱ ላይ የተመሠረተ ሆነ። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በመሻገሪያው ላይ ተቆርጦ ወደ አስፋልቱ ዝቅ ካላለ፣ ፊተኛውን ጎማ ለማንሣት እጀታውን በሙሉ ክብደቷ መጫን አለባት። በረዶ ከመሻገሪያው ላይ ካልተጠረገ ጎማው አይዞርም። በር የሚከፍት ሰው ከሌለ በጀርባዋ ገፍታ፣ ጋሪውን ወደ ኋላ እየሳበች ትገባለች። ባቡር ጣቢያ ስትደርስ ደግሞ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ጋሪ ለያዘ ሰው የተከለከለ ነው።

በዚህ ረገድ የፎረስት ግሌን ጣቢያ የሚያስተምረው ነገር አለ። ከዋሽንግተን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ ጥልቁ ይኸው ነው፤ ከመሬት በታች 60 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከጥልቀቱ የተነሣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አልተሠራለትም፤ የሚወርደውም የሚወጣውም ሁሉ በአሳንሰር ነው። ጠበቃውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለውም፣ ባለ ጋሪዋ እናትም በአንድ በር ገብተው አብረው ይወርዳሉ። ቀጣዩ ጣቢያ፣ ዊተን፣ 70 ሜትር የሚረዝም ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ካሉት ወጥ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ሁሉ የሚረዝመው እሱ ነው። ጎብኚ የሚያደንቀው ያን ደረጃ ነው። ለባለ ጋሪዋ እናት ግን የሚያኮራው ጣቢያ ጥልቁ ነው፤ እዚያ ለእሷ ተብሎ የተለየ በር የለም፤ የእሷ በር የሁሉም በር ነው።

ይህ በር እንዲያው የተገኘ አይደለም። የዋሽንግተን የምድር ባቡር ጣቢያዎች መጀመሪያ ሲነደፉ አሳንሰር አልነበራቸውም። አካል ጉዳተኞች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ፍርድ ቤቱ ጣቢያዎቹ ለአካል ጉዳተኞች ሳይመቹ አገልግሎት እንዳይጀምሩ አዘዘ። ባቡሩ በመጋቢት 1976 ሥራ ሲጀምር በመሐል ከተማ የሚገኘው የጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ አሳንሰሩ ስላልተጠናቀቀ ተዘግቶ ቆየ፤ ባቡሮቹ ሳይቆሙ ያልፉት ነበር፤ የተከፈተው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ነው። ከዚያ 14 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1990፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት የሚታገሉ በርካታ ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበሮቻቸውንና ምርኩዞቻቸውን ከምክር ቤቱ ሕንፃ ሥር ትተው የሕንፃውን የድንጋይ ደረጃ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ ወጡ። በመካከላቸው ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በዚያው ዓመት በሐምሌ ተፈረመ። በሕጉ መሠረት የወጣው የአሠራር ደረጃ ተዳፋት መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ያዛል። የእናቲቱ ጋሪ በየማለዳው የሚንከባለልበት የጠርዝ ቁራጭ ይህ ነው። የታገሉት ጋሪ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹም የእሷን መምጣት አላሰቡም። ሆኖም ለራሳቸው ያስከፈቱት በር ለእሷም ተከፈተ።

የኪነ ጥበብ ሰዎች ስለ ደረጃና ስለ ልጅ ጋሪ ሲነሣ አንድ ነገር ማስታወሳቸው አይቀርም። ሰርጌይ አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረበው «የጦር መርከብ ፖተምኪን» በተሰኘው ፊልም፣ በኦዴሳ ደረጃ ላይ ወታደሮች በሕዝቡ ላይ ሲተኩሱ እናት ተመታ ትወድቃለች፤ ሕፃን የያዘው ጋሪ ያለ ያዥ በደረጃው ላይ ወደ ታች ይንከባለላል። ተመልካች እስከ ዛሬ ትንፋሹን የሚይዘው በጎማዎቹ ምክንያት ነው። አንቀልባ ቢሆን ኖሮ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር በወደቀ ነበር፤ ጋሪ ግን እጅ ሲለየው ብቻውን ይሄዳል። አይዘንስታይን የተገነዘበው ይህን ነው። በጋሪ ያለ ሕፃን ለጎዳናው የተሰጠ አደራ ነው። ኦዴሳ ላይ ጎዳናው አደራውን በላ። የምክር ቤቱን ደረጃ እየዳኹ የወጡት ሰዎች ደግሞ ያንኑ ዓይነት ድንጋይ አደራ ጠባቂ እንዲሆን አስገደዱት።

በክረምቱ መጨረሻ አንድ ማለዳ መንገዱ እንቢ አለ። የአንድ ጣቢያ አሳንሰር ተበላሽቶ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ወደ ሌላ ጣቢያ ሄዶ በአውቶቡስ መመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ እናቲቱ በዚያ ወር አንድ ጊዜ ዘግይታ ማስጠንቀቂያ ተቀብላለች። ደረጃው ከፊቷ ተገትሯል። ባለ ሁለት ወንበር ጋሪ ደግሞ ለመታጠፍ አስቀድሞ አንዱ ወንበር መነቀል አለበት፤ ወንበር ለመንቀል ልጅ መውረድ አለበት፤ የወረደ ጨቅላ በእጅ መያዝ አለበት፤ እጅ ከተያዘ የሚነቅል የለም። ይህን ሒሳብ ደጋግማ ካሰላች በኋላ ከቅርጫቱ ውስጥ ነጠላውን ፈታች። ጨቅላውን በአንቀልባው አዘለች። ታላቂቱ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች። እጆቿ ነጻ ሆኑ።

ወንበሩን ስትነቅል ልብሱ ቀለም የተረጨበት አንድ ሠራተኛ ቆመ፤ በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናግሮ የጋሪውን ፊት አነሣ። ቦርሳውን ያዘለ ተማሪ ወንበሩን ተሸከመ። ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ሽማግሌ ሴት ለታላቂቱ እጃቸውን ሰጧት፤ ልጅቷ ግን ቀሚሱን አልለቅም አለች። በዚህ ዓይነት ሁሉም ደረጃውን ወጡ። ላይ ሲደርሱ ሠራተኛው ጋሪውን አስቀምጦ በአንቀልባው ዛጎል ላይ ጣቱን አሳየና ሳቀ፤ ከዚያም ወደ ሥራው ሮጠ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው ብሂል በዚያ ደረጃ ላይ በተግባር ታየ። ነገር ግን ከብሂሉ የሚወሰደው ትምህርት በመንገደኛ ደግነት ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ጎደሎ ነው። ደግነት ከሰው ጀርባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ከዚህ አንጻር ደግነትም እንደ አንቀልባ ነው። ሠራተኛው ማርፈድ የማይችል ቢሆንስ? ተማሪው በሌላ በር ቢወጣስ? አንዲት እናት በየማለዳው ልጆቿን ይዛ ስትወጣ መልካም ሰው ያጋጥማት ይሆን አይሆን እያለች መወራረድ የለባትም። አሳንሰሩ፣ የተቆረጠው የመንገድ ጠርዝ፣ ሰፊው በር ሕዝብ አንድ ጊዜ ተማክሮ የወሰነውና በብረትና በሲሚንቶ ያጸናው እርዳታ ነው፤ ስም አይጠይቅም፣ ምስጋና አይጠብቅም፣ በሥርዓት እስከተጠገነ ድረስም አይረፍድም። ጋሪ ሸክሙን ከሴቲቱ ወገብ አውርዶ መሬት ላይ ያኖረዋል። ከመሬት የሚያነሣው ኅብረተሰቡ ካልሆነ ግን ሸክሙ ተመልሶ የሚወጣው ያው ወገብ ላይ ነው።

አያቲቱ በሌላ ጊዜ በስልክ ሲነጋገሩ በአዲስ አበባ ሲያልፉ ስላዩት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለልጃቸው አወሩላት። «እዚህም እኮ ጋሪሽ የሚሄድበት ጎዳና መጥቷል» አሉ። እውነት ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተነጥፈዋል። በዚያው ሥራ ምክንያት ብዙ ሰዎች ከነባር መንደሮቻቸው ተነሥተው፣ ልጅ «ለኔ ተይው» ይሉ የነበሩ ጎረቤታሞች በተለያየ ስፍራ መስፈራቸውም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች በአንድ ሚዛን ላይ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ጎረቤት በራቀ መጠን መንገዱ የሚሸከመው ይበዛል። ከዋናው ጎዳና ሲታጠፉም ኮብልስቶኑ ይሻክራል፣ የውሃ መውረጃው ቦይ አንዳንድ ቦታ ክፍት ነው፤ ሚኒባስ ታክሲውም ጋሪ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። እዚያ ላይ ልጅ አዝላ ቆሎና ሎሚ የምትሸጥ ሴት ከአንቀልባና ከነጠላ የተሻለ መሣሪያ አላጣችም፤ ያጣችው ሌላ መሣሪያ እንድትመርጥ የሚያስችላትን መንገድ ነው። የአንድ ከተማ መንገድ ለማን እንደተሠራ ለማወቅ የፈለገ ሰው መሐንዲሱን ከመጠየቁ በፊት አንድ ጨቅላና አንድ ድክድክ የሚል ልጅ የያዘች እናት ከቤቷ እስከ ሥራዋ ስትሄድ ቢከተላት ይበቃዋል።

ዓመቱ ዞሮ ታላቂቱ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት ወንበሩ ይጠባት ጀመር፤ መራመድንም መረጠች። ታናሿ ወደ ላይኛው ወንበር ወጣ፤ ፊቱም ወደ እናቱ ሆነ። ጋሪው ባለ አንድ ወንበር ወደ መሆኑ ተመለሰ። የተነቀለው ሁለተኛ ወንበር ከነማያያዣዎቹ ታጥቦ፣ ሁለተኛ ልጇን ለምትጠባበቅ ለአንዲት ጎረቤት ተሰጠ። እናቲቱ ወንበሩን ስታስረክብ አገጣጠሙን አሳየቻት፤ ዕቃ ከእጀታው ላይ እንዳታንጠለጥልም አስጠነቀቀቻት፤ በመጨረሻም፣ «ትልቁን ልጅሽን ከላይ አድርጊው፣ ፊቱንም ወዳንቺ አዙሪው» አለቻት። አንቀልባውን ግን ከቅርጫቱ አላወጣችውም።